«አልጋ አለ?»

ቅናሽ የሚባለው ነገር፣ ሰውን ሊገዛው ያላሰበውን ዕቃ ካስገዛው በኋላ «አተረፍክ» ብሎ የሚያሰናብት ነው። ድሮ ሥራው በጫማና በብርድ ልብስ ላይ ነበር። አሁን ወደ ሰማይ ወጥቷል። ዛሬ በቅናሽ የሚሸጠው የአውሮፕላን ቲኬት ብቻ ሳይሆን ቲኬቱ የሚቆረጥበት ገንዘብም ጭምር ነው። ማይል ይባላል። ለማግኘት መብረር አያስፈልግም፤ ቤት ቁጭ ብሎ የካርድ ቁጥር መሙላት ይበቃል። ከዚያ ያንን ማይል ይዞ፣ ሌላው ሰው አምስትና ስድስት ሺህ ዶላር ባፈሰሰበት የቢዝነስ ክላስ ወንበር ላይ በሲሶ ዋጋ እግርን ዘርግቶ መተኛት፤ ይኸው ነው ሙያው።

ወዳጄ በዚህ ሙያ የበሰለ ነው። ኑሮው ቨርጂኒያ ነው፤ እንጀራው ዳለስ አየር ማረፊያ ታክሲ መንዳት። ከኋላው የሚቀመጡት ጠበቆች፣ አማካሪዎች፣ ከመንግሥት ጋር የሚሠሩ ኮንትራክተሮች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ስለ ደመወዛቸው ትንፍሽ አይሉም፤ ስለ ትዳራቸውም አይናገሩም፤ ስለ ማይላቸው ግን ለማያውቁት ታክሲ ነጂ ይዘረግፋሉ። አንዱ ጉርሻ ትቶ ይወርዳል፣ ሌላው ዕውቀት ትቶ ይወርዳል። ወዳጄ ሁለቱንም ሲሰበስብ ኖሮ አሁን እሱ ራሱ መምህር ሆኗል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ስለ ሀገር ጉዳይ ሲንገበገብ፣ እሱ ስልኩን አየት አድርጎ «የኮሎምቢያዎቹ 140 በመቶ አወጡ!» ካለ የሀገር ጉዳይ ለሚቀጥለው እሁድ ተላለፈ ማለት ነው።

የትምህርቱ መግቢያ ሁልጊዜ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የአሜሪካ መንግሥት የአየር መንገዶችን ዋጋና መስመር መወሰን ሲያቆም ኩባንያዎቹ ደንበኛ መነጣጠቅ ጀመሩ። በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ «አድቫንቴጅ» የሚል መዝገብ ከፍቶ፣ ለሚመላለስ ደንበኛ የበረረውን ያህል ማይል ይመዘግብለት ጀመር። ዩናይትድም ቀናት ሳይቆይ ተከተለ። «ያኔ ማይል ለማግኘት የግድ መብረር ነበረብህ» ይላል ወዳጄ፣ ውኃ ከምንጭ ይቀዳበት ስለነበረው ዘመን የሚያወራ ያህል ከንፈሩን እየመጠጠ።

ቀጥሎ የጻድቃኑ ገድል ይመጣል። የመጀመሪያው ጻድቅ ዴቪድ ፊሊፕስ የሚባል የካሊፎርኒያ መሐንዲስ ነው። በ1999 አንድ የምግብ ኩባንያ የዕቃውን መለያ ቆርጦ ለላከ ሰው ማይል እንደሚሰጥ አስታወቀ። መሐንዲሱ በየሱፐርማርኬቱ እየዞረ ከኩባንያው ምርት ሁሉ ርካሹን ሲፈልግ፣ አንዱ በ25 ሳንቲም የሚሸጥ ፑዲንግ አገኘ። 12,150 ኩባያ ገዛ። ወጪው 3,140 ዶላር፤ ገቢው ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ማይል። መለያውን ብቻውን ልጦ እንደማይጨርሰው ሲያውቅ ፑዲንጉን ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሰጠና የድርጅቱ ሰዎች ላጡለት፤ ስለሰጠም ግብር ተቀነሰለት። ወዳጄ እዚህ ላይ ሲደርስ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ሚስቱ ግን ከጀበናው እየቀዳች «በዚያ ሁሉ ፑዲንግ መሀል ሚስቱ ምን አለች?» ትለዋለች። ገድሉ ስለ ሚስቲቱ አይናገርም።

ሁለተኛው ገድል የሳንቲሞቹ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የአንድ ዶላር ሳንቲም በሰው እጅ እንዲዘዋወር ፈልጎ፣ በ2008 ገደማ፣ በክሬዲት ካርድ ለገዛ ሰው የማጓጓዣ ሳያስከፍል ቤቱ ድረስ ይልክለት ጀመር። አንድ ዶላር በአንድ ዶላር። ማይል ሰብሳቢዎቹ ሳንቲሙን በሣጥን በሣጥን አዘዙ፤ ካርዱ ማይል ሰጣቸው፤ ሣጥኑን ሳይከፍቱ ባንክ ወስደው አስገቡና የካርዱን ዕዳ በዚያው ከፈሉ። መንግሥት የነቃው ቆይቶ ነው፤ በ2011 የካርዱን መንገድ ዘጋው። ወዳጄ ያን ጊዜ ሀገር ቤት ነበር። ይህ ነገር እስካሁን ያንገበግበዋል። እኔ በመንግሥት ገንዘብ ሳንቲም ሲያመላልስ የኖረውን ዕቃ አድራሽ ወገብ ነው የማስበው።

የኛ ሰው ደግሞ በዚህ ሙያ ማንም የሌለው ሀብት አለው፤ የሂሳብ ግብግቡ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ ሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ስምንት ሰው በልቶ ሲነሳ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። «እኔ እከፍላለሁ!» «ሞቼ ነው እኔ እያለሁ!» «ልጆቼን ይንሳኝ!» እጅ ይያዛል፣ ኪስ ይጨበጣል፣ አስተናጋጇ መሀል ቆማ ትገፋለች። ወዳጄ በዚህ ግብግብ ተሸንፎ አያውቅም። ካርዱን ከመብላታችን በፊት እጅ ለመታጠብ የተነሳ መስሎ ሰጥቷት ይመጣል። ሰው ሁሉ አፍሮ «እንዲህማ አይሆንም» ሲል ነው እሱ አንገቱን ደፍቶ «እሺ፣ ካላችሁማ ጥሬውን ስጡኝ» የሚለው። ጨዋታው እዚህ ላይ ያልቃል። ማይሉ የሱ፣ ክብሩም የሱ፣ ጥሬ ገንዘቡም በኪሱ። የሠርግ አዳራሽ በካርዱ ከፍሎ ከሙሽራው ወገን በኤንቨሎፕ ሲቀበል ዓይቼዋለሁ። «ሚዜ ነው» ብለው አመሰገኑት።

ይህ ሁሉ ግን የለቀማ ሥራ ነው። ትልቁ ሥራ ግዢው ነው፤ እሱ እንዲህ ይሠራል። የኮሎምቢያው አቪያንካ «ላይፍማይልስ» የሚባል ፕሮግራም አለው። የአንዱ ማይል የተለጠፈ ዋጋ 3.3 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። በዚያ ዋጋ የሚገዛ ጤነኛ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዋጋው የተለጠፈው እንዲቀነስ ነው። በየጊዜው ምርቃት ይወጣል፤ 100 ማይል ለገዛ ሌላ 100 ወይም 140 ይመረቅለታል። 140 የተመረቀ ጊዜ ማይሉ 1.4 ሳንቲም ግድም ይወርዳል። እንግዲህ አንድ የቢዝነስ ክላስ ጉዞ፣ አንድ መንገድ፣ 80 ሺህ ማይል ቢጠይቅ ዋጋው 1,120 ዶላር፤ ደርሶ መልሱ 2,240 ዶላር ሆነ። በጥሬ ዶላር የሚገዛው ሰው ለዚያው ወንበር 6,000 ከፍሏል እንበል።

«3,760 ዶላር አተረፍኩ!» ይላል ወዳጄ።

«የት አለ?» ትላለች ሚስቱ።

«ምኑ?»

«ያተረፍከው።»

እሷ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። በእሷ መዝገብ ኢኮኖሚው 1,300 ዶላር ስለሆነ ቤቱ 940 ዶላር ከስሯል። ሁለቱም ሂሳብ ልክ ነው። እኔ በመሀላቸው ተቀምጬ ቡናዬን እጠጣለሁ እንጂ ፍርድ አልሰጥም፤ እንዲያው ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ በቅናሽ ማይል የሚሄድ ሰው የሚገዛው አልጋ አይደለም። የሚገዛው ሙሉ ዋጋ ከከፈለው ሰው ጎን መቀመጡን ነው። ወዳጄ ከዳለስ ቦሌ ድረስ፣ አስራ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በዚያ በተዘረጋ አልጋ ላይ ዓይኑን ሳይከድን ነው የሚያድረው። እንዴት ይተኛ! ከጎኑ ያለው ሰውዬ ስድስት ሺህ ዶላሩን ከስክሶ ሲያንኮራፋ እያየ ይደሰታል። ደግሞም ከተኛ ምግብ ያልፈዋል።

ምግቡም የራሱ ጣጣ አለው፤ ከዚያ በፊት ግን ኮሎምቢያ እኛን ቦሌ የምታደርሰው በምን ሒሳብ እንደሆነ ልናገር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 «ስታር አሊያንስ» የሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር አባል ሆነ። አቪያንካም እዚያው ማኅበር ውስጥ አለ፤ ዩናይትድም፣ ሉፍታንዛም፣ ኤር ካናዳም። አንዱ የሸጠውን ማይል ሌላው ያስተናግዳል። የሀገራችንን አየር መንገድ ለመሳፈር የራሱን «ሼባ ማይልስ» ብቻ መያዝ ግድ አይደለም ማለት ነው። በዚህም ምክንያት በቡና ገበያ የምንገዳደራት ኮሎምቢያ ማይል ሸጣልን፣ በሱ ተሳፍረን፣ ቦሌ የክላውድ ናይን ማረፊያ ክፍል ገብተን፣ ረከቦት ፊት ተቀምጠን የሀገራችንን ቡና እንጠጣለን። ዓለም እንዲህ ከተጠላለፈች ቆየች።

ማይሉ መኖሩ ግን ወንበሩ አለ ማለት አይደለም። አዲስ ገቢዎች የሚያለቅሱት እዚህ ላይ ነው። አየር መንገዱ ለወዳጅ ኩባንያ ማይል የሚለቀው ጥቂት ወንበር ነው፤ ይሸጥልኛል ብሎ ተስፋ ያላደረገበትን። ሌላውን ይዞ ይጠብቃል። በክፍለ ሀገር ከተማ ሌሊት ደርሳችሁ ፔንሲዮን በር ላይ «አልጋ አለ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰውዬው ቁልፎቹ ከጀርባው ምስማር ላይ ተንጠልጥለው እያያችኋቸው «ሞልቷል» ይላል። አልዋሸም። ከናንተ የተሻለ የሚከፍል ሊመጣ ይችላል ነው የሚላችሁ። ወዳጄ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስቶ ኮምፒውተሩ ፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ አልጋ አለ? ለሐምሌ፣ ሞልቷል። ለእንቁጣጣሽ፣ ሞልቷል። ለገናና ለጥምቀት፣ ተወው። ሌላው ሰው በማይፈልገው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ማርች መጨረሻ፣ አለ።

ማርች መጨረሻ ደግሞ ምን እንደሆነ የኛ ሰው ያውቃል። ሁዳዴ ነው።

ወዳጄ በቢዝነስ ክላስ በሄደ ቁጥር እንዲህ ጾም ላይ ይወድቃል። ነጭ ጨርቅ ይነጠፍለታል፣ ጠፍጣፋው ሳህን ይመጣል፣ ሥጋው፣ አይቡ፣ ቅቤው ያልፈዋል፤ እሱ የጾም ምግብ አዝዞ ሽሮ ይበላል። ሽሮውን ደግሞ ማታ ቤቱም በልቷል። መቼም አይቀየምም። «ሽሮ ነው፣ ግን በሸክላ ሳህን» ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያንቀኛል። ማይል አትሞ የሚሸጠውም፣ ተቀብሎ የሚያስተናግደውም፣ ዋጋውን የሚቆርጠውም ሻጩ ራሱ ነው። ነጋዴ የራሱን ብር አትሞ፣ ሸጦላችሁ፣ ማግስቱን በሱቁ ያለውን ዕቃ ዋጋ ቢጨምር የት ትከሱታላችሁ? ድሮ «ከዚህ እዚያ ይህን ያህል ማይል» የሚል ሰንጠረዥ ነበር። ዴልታ በ2015 ሰንጠረዡን አነሳው፤ ዩናይትድ በ2019 ተከተለው። አሁን ዋጋው እንደ ቀኑ ነው። ለዚህ ነው ወዳጄ ማይል ገዝቶ ማስቀመጥን እንደ ኃጢአት የሚያየው፤ መጀመሪያ አልጋውን ያገኛል፣ ከዚያ ይገዛል፣ በዚያው ሰዓት ያውለዋል። በርካሽ ስለወጣ ብቻ ገዝቶ ያከማቸ ሰው ግን ጠዋት ሲነሳ 80 ሺህ የነበረው 110 ሺህ ሆኖ ይጠብቀዋል። አንዱ ፕሮግራም ማይሉን ዓመት ካላንቀሳቀስከው ያቃጥልብሃል፤ ሌላው ገንዘብ አይመልስም። ውሉን ማንም አያነበውም እንጂ ሁሉም ተጽፏል።

ትልቁ ንግድም እዚያው ነው ያለው። በ2020 በኮሮና ጊዜ አውሮፕላን ሁሉ ክንፉን አጥፎ ሲቆም፣ ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። ዴልታ በዚያው ዓመት በራሱ ፕሮግራም 9 ቢሊዮን፤ አሜሪካን ኤርላይንስ በሚቀጥለው ዓመት 10 ቢሊዮን። አበዳሪዎቹ ፈርተው አውሮፕላኑን ሳይሆን ማይሉን ነው መያዣ ያደረጉት። ምክንያቱም ባንኮቹ ለካርድ ደንበኞቻቸው የሚያድሉትን ማይል ከአየር መንገዱ የሚገዙት በእውነተኛ ዶላር ነው፤ ሰማዩ ቢዘጋም ሰው አስቤዛውን በካርድ መግዛቱን አያቆምም። ወዳጄ ይህን ስነግረው በጣም ነው የተደሰተው። ሚስቱን ጠርቶ ድገምላት አለኝ።

ለኛ ሰው ቢዝነስ ክላስ ማለት ግን በእውነቱ ምንድን ነው? ፈረንጁ ሻምፓኙን ይላል፣ አልጋውን ይላል። የኛ ሰው ኪሎውን ነው የሚጠይቀው። ኢኮኖሚ ከአሜሪካ ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ፊት ለፊት የሚቀመጠው የተሻለ ይጭናል። የስታር አሊያንስ ወርቅ ካርድ ያለው ሰውማ ኢኮኖሚም ተቀምጦ አንድ ሻንጣ ይጨመርለታል፤ ይህን ካርድ ያለው ሰው በማኅበረሰባችን ውስጥ የሚከበረውን ያህል ዶክተር አይከበርም። «መቼ ነው የምትሄደው? ትንሽ ነገር ነበረችኝ፣ ጫማ ናት...» ዳለስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መስኮት ፊት ሻንጣውን ወለል ላይ ዘርግቶ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ቫይታሚንና ስኒከር ሲያዛውር የማታዩት ተሳፋሪ እሱ የማይል ሰው ነው። ኪሎ ተርፎት በግራና በቀኝ ያያል። ያን ጊዜ ደግሞ አንዲት እናት መጥታ «ልጄ፣ የኔ አራት ኪሎ አልፎብኛል» ትለዋለች፤ ቢዝነስ ክላስነቱ እዚያ ላይ አበቃ። የሰው ዕቃ መያዝ እንደማይፈቀድ ማስታወቂያው ይጮሃል፤ እሱም የገዛውን ፈሊጥ ሁሉ ረስቶ «እናቴ፣ አይፈቀድም» ለማለት አንደበቱ ይተሳሰራል።

አሁን ወደ እናቱ ልምጣ። ሦስተኛው ልጁ ሲወለድ እናቱ አራስ ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ወዳጄ የሙያው ቀን ደረሰ ብሎ ተነሳ፤ ማይል ገዛ፣ አልጋ ፈለገ፣ ተገኘ። ከዚያ ፎርሙ መጣ።

ፎርሙ የልደት ቀን ይጠይቃል። እማማን በስልክ ቢጠይቃቸው «ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ በሐምሌ ጨለማ» አሉት። ፓስፖርታቸው ደግሞ የራሱ ቀን አለው፤ ቀበሌ የሰጣቸው። ቀጥሎ ስም። የኛ ስም ለፎርም አይመችም፤ የቤተሰብ ስም የለንም። ልጁ በአባቱ ስም ይጠራል፣ እናቱ በአባታቸው ስም፤ ወረቀት ላይ እናትና ልጅን የሚያገናኝ አንዲት ፊደል የለችም። ማይል ለሌላ ሰው መሸጥ ክልክል ነውና ለባዕድ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ይጠረጠራል። ቲኬቱ ከተያዘ በኋላ ከማይል ፕሮግራሙ ስልክ ተደወለ።

«ተሳፋሪዋ ምንህ ናት?»

«እናቴ።»

«ስሟ ካንተ ጋር አይገናኝም።»

«የአባቷ ስም ነው እኮ።»

«ያንተስ?»

«የኔም የአባቴ ስም ነው።»

ደዋይዋ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ እያመነታች ሁለቱ አባቶች በሕይወት መኖራቸውን ጠየቀችው። በመጨረሻ የልደት ምስክር ወረቀቱን አስተርጉሞ ልኮ ነው እናቱ እናቱ መሆናቸው የጸደቀላቸው።

እማማ ጉዞውን ራሳቸው ነግረውኛል። ሀገር ባህል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ገቡ። አስተናጋጇ ልጅ «ማዘር፣ በዚህ በኩል» ብላ ከፊት ስታስቀምጣቸው ተሳስታ መስሏቸው «ልጄ፣ እንዳትቆጪ፣ የኔ ከኋላ ነው የሚሆነው» አሏት። ቲኬታቸውን ደግማ አየችላቸው። ምግብ ሲመጣ እጃቸውን ታጥበው ቆይተው ወደ ጎን ዞሩና ለጎረቤታቸው «እንብላ» አሉት። ጎረቤታቸው ራሰ በራ ፈረንጅ ነው። የራሱ ሳህን ከፊቱ አለ። ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እምቢ ማለቱ እንደሆነ ገባቸው፤ የማግደርደር ወግ አለና ሁለተኛ «በሞቴ» አሉት። ያን ጊዜም ነቀነቀ። ሦስተኛ ላይ ከቦርሳቸው የዳቦ ቆሎ በፌስታል አውጥተው ጭብጥ ሙሉ መዳፉ ላይ አደረጉለት። በላው። ሌሊቱን ሲቆረጥም እንዳደረ ነው የሚናገሩት፤ «ይርበው ነበር መሰለኝ ምስኪን፤ አያበሉትም መሰለኝ።»

ወንበሩ አልጋ ሲሆን ግን ደነገጡ። ልጅቷ ቁልፉን ስትጫን ከእግራቸው ሥር መሬት የሄደች መስሏቸው «ያዙኝ! ወላዲተ አምላክ!» ብለው የራሰ በራውን እጅጌ ጨበጡ። ጠዋት ልጅቷ ስትመጣ ብርድ ልብሱ በአራት ታጥፎ፣ ትራሱ ተራግፎ፣ ሳህኑ በሶፍት ተጠርጎ አገኘችው። «እንግዳ ሆኜ አድሬ አልጋ ሳላነጥፍ ልነሳ?» አሉኝ።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ ያን ጊዜ አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊሞላ ደብሊን ላይ ያርፍ ነበር። እማማ ጎማው መሬት ሲነካ እልል ብለው፣ ቦርሳቸውን ይዘው፣ የራሰ በራውን ትከሻ ሁለቴ ስመው ለመውረድ ተነሱ። ልጅቷ አልደረስንም፣ ለነዳጅ ነው ስትላቸው ቁጭ ብለው አሰቡና «ሳይሞሉ ነው እንዴ የተነሱት?» አሉ። በኔ ግምት ይህን የመሰለ ጥያቄ በዚያ ካቢን ተጠይቆ አያውቅም፤ መልስም አለው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ሰውና ጭነቱን ይዞ፣ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅም ሞልቶ ለመነሳት ይከብደዋል። ሲመለስ ከዳለስ ዝቅታ ስለሚነሳ በአንድ ትንፋሽ ይገባል። ይህን ባስረዳቸው «እንዲህ በለኝ፤ ዳገት ነዋ» ብለው ዘጉት።

ወዳጄ ዳለስ በር ላይ አበባ ይዞ ነበር የጠበቃቸው። አቅፎ፣ ስሞ፣ ገና ሻንጣው መኪና ላይ ሳይጫን «እማዬ፣ እንዴት ነበር?» አላቸው። የጠበቀው «አልጋው!» እንዲሉት ነበር።

«ምን አጠፋሁ ብለው ነው ለብቻዬ ያስተኙኝ?» አሉት።

ነገሩ ሲጣራ፣ አልጋው ጥሩ ነው፣ ምግቡ ጥሩ ነው፣ ልጆቹ ትሑታን ናቸው፤ ግን ወንበሩ ግድግዳ አለው። ወዲያ ዞር ቢሉ ግድግዳ፣ ወዲህ ዞር ቢሉ የማይናገር ራሰ በራ። ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ድምፅ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ ሣቅ ይሰማል። አንዲት ሴት «እንትናን ታውቂያታለሽ?» ስትል ሰምተው፣ እሳቸውም እንትናን ያውቋት ኖሮ፣ መልስ ሳይሰጡ ማደራቸው አንጀታቸውን ቆርጦታል።

ወዳጄ ይህን እንደ ቀልድ ወሰደው። ስድስት ወር ቆይተው ሲመለሱም ምርቃት ጠብቆ ማይሉን ገዛ፣ አልጋውን አገኘ፣ አሁንም ፊት ለፊት አስቀመጣቸው። ያን ምሽት አውሮፕላኑ እስኪያርፍ በስልኩ ካርታ ላይ ሲከታተል አብሬው ነበርኩ። «አሁን ዘርግታ ተኝታለች» ይላል፤ ሰዓቱን ያያል፣ «አሁን ቁርስ» ይላል። በማግስቱ አዲስ አበባ ደወለ፤ ድምፅ ማጉያውን ከፈተው።

«እማዬ፣ ተኛሽ?»

«ምን ያስተኛል ልጄ፣ እንዲያ ያለ ጨዋታ ጥሎ!»

ምን ተፈጠረ መሰላችሁ። እራት ከተነሳ በኋላ እማማ እግሬን ላፍታታ ብለው መጋረጃውን ገልጠው ወደ ኋላ ሄዱ። እንትናን የምታውቀው ዓይነት ሴት አንድ ሳትሆን ሦስት አገኙ። አንዷ መርሐቤቴ፣ የሳቸው ሀገር። አንዷ ታቅፋ የምታባብለው ልጅ አላት፤ ወገቧን ይዛ ቆማለች። እማማ «ነይ እኔ ጋ ተኚ፣ እኔ ልያዝልሽ» አሏት። ልጅቷ፣ አስተናጋጇ ማለት ነው፣ ተሳፋሪ ቦታ መቀያየር በዚያ በኩል እንደማይፈቀድ በትሕትና ነገረቻቸው። «ታዲያ እኔ እዚህ ብቀመጥስ ይከለከላል?» ቢሉ፣ ያንን የሚከለክል ሕግ ለማንም ትዝ አላለውም። ክፍት ወንበር ነበር። እስከ ቦሌ ሕፃኑን ታቅፈው፣ ሲጫወቱ፣ የተረፈውን የዳቦ ቆሎ ሲያካፍሉ አደሩ። ፊት ለፊት አልጋው ተነጥፎ፣ ትራሱ ተስተካክሎ፣ ባዶውን ሄደ።

ሚስቱ ሕፃኑን እያጠባች አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ወዳጄ ስልኩን ዘግቶ ወረቀትና እርሳስ አወጣ። እራት እስኪነሳ ሁለት ሰዓት እንኳ ቢቀመጡ፣ አለ፤ ከአስራ ሦስቱ አስራ አንዱን ኢኮኖሚ ነው የሄዱት። አባዛ፣ አካፈለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ከልቡ፣ እኔን ጠየቀኝ፤

«ያልተቀመጠችበትን ማይል ቢመልሱልኝስ? ደብዳቤ ብንጽፍላቸው?»